ስም ያልጠቀስኩበት ደብዳቤ

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ኢሜይል አለው፤ ብቻ አያውቀውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ስልክ ሊገዛ መርካቶ ይመጣል። ስልክ ሻጩ ካርቶኑን ይከፍትና ኢሜይል ካልገባበት ስልኩ በደንብ አይሠራልህም ይለዋል፤ እዚያው እንደቆሙም ይከፍትለታል። የልደት ቀኑ ሻጩ ደስ ያለው ቀን ነው። የይለፍ ቃሉ የሻጩ የራሱ ስልክ ቁጥር ነው። ገዢው ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ አድራሻውን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያ ኢሜይል እንደ ጠባቂ መልአክ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይዞራል፣ ደብዳቤ ይቀበልለታል፣ ባለቤቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አያየውም።

ይህን ሐቅ የደረስኩበት በጥናት አይደለም፤ በመዋረድ ነው።

ሸማ ተራ ጫፍ ላይ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጪ ቆሞ የሚዋዋልበት ዓይነት ነው። ሰፈሩ "ወልዴ ቁልፍ" ይለኛል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከባንኮኒዬ ጀርባ ተቀምጬ በስልኬ ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። ስለ ተሸካሚው እጽፋለሁ፣ ስለ ደላላው እጽፋለሁ፣ አንድ ዚፕ ለመግዛት አርባ ዚፕ ስለምታስወርድ ወይዘሮም እጽፋለሁ። ብሎግ ይሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ። አንባቢዎቼ ስንት ናቸው? በስማቸው ነበር የማውቃቸው። አንዷ እህቴ ናት። ሌላው የጻፍኩትን ሁሉ ሳያነብ ከሥሩ "ተባረክ" የሚል፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ሰው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሜሮን መጣች። ሜሮን ከእኔ ዘንድ ክር የምትወስድ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ማርኬቲንግ ተምራ ለነጋዴዎች በኢንተርኔት ገበያ ታፈላልጋለች። እናቷ የላከቻትን ዚፕ ልትወስድ መጥታ ስጽፍ አየችኝ፤ አነበበች፤ ሳቀች። የሳቀችው በትክክለኛው ቦታ ስለነበረ ወደድኳት። ከዚያ ግን እንደ ሐኪም ፊቷን ቅጭም አድርጋ ጠየቀችኝ፦ ተመዝጋቢ አለዎት ወይ? የምን ተመዝጋቢ አልኳት። ጋሼ፣ እርስዎ የሚጽፉት በሰው ቤት ነው አለችኝ። ፌስቡክ የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ በተቆጣ ዕለት ዕቃዎን ይዘው ሜዳ ላይ ነው የሚቀሩት። ኢሜይል ግን የራስ ቤት ነው። የሰዎቹን አድራሻ ይሰብስቡ፣ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይላኩላቸው፣ ያኔ አንባቢው የእርስዎ ነው።

የመርካቶን ሰው ስለ ኪራይ ቤት አንስተህ ካላሳመንከው በሌላ በምንም አታሳምነውም። በነጋታው ባንኮኒዬ ላይ ደብተር አሰርኩ። "ኢሜይልዎን ይጻፉ፣ የሳምንቱን ወግ ይቀበሉ" የሚል ከላዩ ለጠፍኩ።

ለካ ኢሜይል ከመጠየቅ ኩላሊት መጠየቅ ይቀላል! አንዱ ይሄ ነገር ከግብር ጋር ግንኙነት አለው ወይ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። አንዲት እናት ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው አሉኝ። አንዱ የስልክ ቁጥሩን ጻፈ፤ ሌላው የልጁን ስም ከነትምህርት ቤቱ ጻፈ። ሜሮንን አማከርኳት። ምርቃት ይስጡ አለችኝ። ምርቃት ለእኛ ለገበያ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ በገዛው ላይ ጨመር አድርገህ ታሳልፈዋለህ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። እሺ ብዬ ለአንድ አድራሻ አንድ ደርዘን የሸሚዝ ቁልፍ መረቅሁ። በሳምንቱ ደብተሩ ሞላ። ደብዳቤዬን ጽፌ ሜሮን በከፈተችልኝ የደብዳቤ መላኪያ ፕሮግራም ላክሁ። ምሳ ሳይደርስ ከግማሽ በላዩ "ይህ ሰው በዚህ አድራሻ አይታወቅም" እየተባለ ተመለሰ። ሰው ለቁልፉ ብሎ ከልቡ ፈጥሮ ነበር የጻፈው። አንዱማ አራት ስም ፈጥሮ አራት ደርዘን ወስዷል። እኔ ደራሲ ነኝ እላለሁ፤ ደራሲውስ እሱ ነበር።

ከቀሩት ውስጥ ደብዳቤውን የከፈተው ስንት ነው? መላኪያው ይህን ሁሉ ይቆጥራል፤ ማን ከፈተ፣ ስንት ሰዓት ከፈተ፣ ሁሉን ያሳብቃል። ስድስት ሰው ነው የከፈተው። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ደርሶ እንደሆነ ላይ ብዬ። አንዷ ሜሮን ናት። አንዷ እህቴ። አራተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ።

ጋሽ ሸምሱ ከእኔ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ የጋቢና የነጠላ ነጋዴ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንድ ቀን ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ልጅ ሲወለድ ገና ክርስትና ሳይነሣ የታቀፈው በእሳቸው ጋቢ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ይመስለኛል። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ያሰርኩ ዕለት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እሳቸው ነበሩ፤ ቁልፉንም አልወሰዱም።

እኚህ ሰው ያለፈው ዓመት ሮመዳን ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ነገሩኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላ ይዘው መጡና ወልዴ፣ ይኼ ጥለት አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ ብለው ጠየቁኝ። አረንጓዴ ነው አልኳቸው፤ የቀለዱ መስሎኝ። ተቀመጡና ቀስ ብለው አስረዱኝ። የዓይን ግፊት ነው አሏቸው፤ የሄደው አይመለስም፣ ያለውም እየሄደ ነው። ቅርጽ ያያሉ፣ ጥላ ያያሉ፣ ቀለም ግን ከድቷቸዋል። ከልጃቸው ከዘይነብና ከእኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ ለመኑኝ። ምክንያቱን መንገር አላስፈለጋቸውም። ጥለት የማይለይ የነጠላ ነጋዴ መሆኑ የታወቀ ዕለት ገበያው በቁሙ እንደሚገነጣጥለው እኔም አውቃለሁ።

ስለዚህ ዘዴ አበጀን። የጨርቁን ነገር ጣታቸው ከማንም ዓይን ይበልጣል፤ ፈትሉ የእጅ ይሁን የፋብሪካ፣ ክሩ ይሳሳ ይወፍር በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ይነግሩሃል። የሚቸግራቸው ቀለሙ ብቻ ነው። አቅራቢ ዕቃ ሲያመጣላቸው ሁለት ጊዜ ይስላሉ። እኔ ሰላም ልል የመጣሁ መስዬ ብቅ እልና፣ ዛሬ ደግሞ ይኼን የመሰለ ወይን ጠጅ አመጡልዎ እላለሁ። እሳቸው እሱማ ወይን ጠጅ ነው ብለው ይቀበላሉ። ዘይነብ ከትምህርቷ ከመጣች ደግሞ እኔ እፎይ እላለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረውም፤ አንድም ሰው አልነቃብንም።

ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። ሁለት ወር ላክሁ። ስድስቱ ስምንት ሆኑ፣ ስምንቱ ተመልሰው ስድስት ሆኑ። ሜሮን ርዕሴን አየችና ራሷን ያዘች። "የኅዳር ወር የገበያ ትዝብት" የሚል ርዕስ ማን ይከፍታል አለችኝ። ጋሼ፣ ሰው የሰው ታሪክ ነው የሚከፍተው፤ የሚያውቁትን ሰው ታሪክ ይጻፉ።

ታሪክ ነው ያለችው። ምስክሬ እግዚአብሔር ነው፣ ልጅቱ ታሪክ ነው ያለችው። እኔ ግን ገመና ብዬ ሰማሁ። ጆሮ የፈለገውን ሲሰማ ማን ይከለክለዋል?

የጻፍኩት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ጥሩ ጽሑፍ አምጦ ነው የሚወለድ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሐሰት ነው። የሰው ምስጢር ከሆነ ያለ አዋላጅ ይወጣል። ርዕሱን "ጥለት የማያየው የነጠላ ነጋዴ" አልኩት። ስም አልጠቀስኩም። ለዚህ ጥንቃቄዬ ራሴን አመስግኜዋለሁ። አንድ የወሎ ሰው አልኩ፤ ሱቃቸው ያለበትን ጥግ ጻፍኩ፤ የጣታቸውን ጥበብ ጻፍኩ፤ ሁለቱን ሳልም ጻፍኩ፤ ከጽሑፉ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነበራ። በአክብሮት ነው የጻፍኩት፤ በፍቅር ነው የጻፍኩት፤ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። ሰውን የሚጎዳ ጽሑፍ ሁሉ እየተለቀሰ እንደሚጻፍ ያኔ አላወቅሁም።

ልልከው ስል ጣቴ አንድ አፍታ ቆመ። ጋሽ ሸምሱ ተመዝጋቢ ናቸው፤ ይደርሳቸዋል። እስካሁን የሚከፍቱትም ለይሉኝታ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከዚያ እንዲህ አልኩ ለራሴ፦ የማያይ ሰው ምን ያነባል? እንዲህ ብዬ ላክሁት። ያን ዕለት ቀላል ሒሳብ ነበር።

ደብዳቤው እንደ ጉድ ተከፈተ። መልአክ የመሰሉት ኢሜይሎች ሁሉ ባለቤት አገኙ። ሰው ለሰው ላከው፤ አንዱ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው፤ ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው፣ ቁልፍም ሳይመረቅላቸው፣ ሰዎች ራሳቸው እየገቡ ይመዘገቡ ጀመር። "አስለቀስከኝ" የሚል መልእክት ጎረፈ። ሜሮን ደውላ ጮቤ ረገጠች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ስልኬን የክር ካርቶን ላይ አስደግፌ፣ ቁጥሩ ሲጨምር እያየሁ በላሁ።

ጥር ነበር፤ ሰርግ የበዛበት። ጋሽ ሸምሱ ለአንድ የሙሽራ ቤተሰብ ሃያ ነጠላ አዘው ነበር፣ ሁሉም ባለ ወይን ጠጅ ጥለት። ደብዳቤዬ በተላከ በአምስተኛው ቀን አቅራቢው ዕቃውን ይዞ መጣ። ያ አቅራቢ ሌላ ጊዜ ዕቃውን የሚያመጣው ዘይነብ ባለችበት በከሰዓት ነበር፤ ያን ዕለት በጠዋት መጣ።

ጋሽ ሸምሱ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሰምቻቸዋለሁ። አልሰማሁም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው። የተመዝጋቢዎቼ ቁጥር አንድ ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አንድ ደቂቃ፣ ይሙላና እሄዳለሁ አልኩ በልቤ። እንደገና ሳሉ። እንደገና አንድ ደቂቃ አልኩ። ቁጥሩ ሞላ። ብቅ ስል አቅራቢው ሄዷል። ነጠላዎቹ ተቆልለዋል፤ ጥለታቸው ካቻምና ሳይሸጥ የቀረ ቡናማ ነው።

ተከትዬ ሮጥኩ። አቅራቢውን መኪናው ጋ አገኘሁትና ይሄ የታዘዘው ነው ወይ አልኩት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ረጋ ብሎ፣ እሳቸው አይተው ነው የተቀበሉኝ አለኝ። አይተው አይደል የተቀበሉኝ ብሎ ደገመው፤ ሁለተኛውን ሲለው ከንፈሩ ዳር ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። እሱም አንባቢዬ ነበር።

ሙሽሮቹ ከሰዓት በኋላ መጡ፣ አዩ፣ ወጡ። ትልቋ አክስት ከበር ላይ ዞር ብላ ለካ እውነት ነው አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለአየሩ ነው ያለችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ የሚገባው ሰው ሁለት ዓይነት ሆነ፤ አንዱ ሊያታልል፣ ሌላው ሊያዝን። የትኛው ይበልጥ እንደሚከፋ እንጃ። ሁለት ሴቶች ነጠላ አንሥተው፣ ጋሼ ይቺ ምን ዓይነት ቀለም ናት ብለው ሲጠይቋቸው በጣውላው በኩል ሰማሁ። ፈትሏ የእጅ ነው አሏቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ከዚህኛው ወገን ቁልፍ እቆጥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ መጡ። የበሩን ጉበን በእጃቸው ዳስሰው ገቡና ዘወትር የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

"ወልዴ" አሉኝ፣ "ዘይነብ በየሳምንቱ ያንተን ደብዳቤ ታነብልኛለች። አንድ ቀርቶብኝ አያውቅም። ያቺ አርባ ዚፕ ያስወረደችህን ሴትዮ ሰምቼ ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ደብዳቤ የለም አለችኝ። ሰው አለ ይለኛል። እስቲ አንተ አንብብልኝ።"

ምን ልበል? ሁለት ወር ሙሉ አንባቢ አንባቢ እያልኩ ስማስን፣ አንባቢዬ በጣውላ ግድግዳ ማዶ ተቀምጦ፣ ልጁ እያነበበችለት፣ በትክክለኛው ቦታ ሲስቅ ኖሯል። ያቺ ልጅ ደግሞ ያንን ደብዳቤ ብቻዋን አንብባ፣ ውጣ፣ ለአባቷ ዋሽታለች። እኔ ያልጠበቅሁትን እሷ ልትጠብቅላቸው ሞክራለች።

አነበብኩላቸው። የገዛ ጽሑፍህን፣ ጽሑፉ ስለ እሱ ለሆነው ሰው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አንብበህ ታውቃለህ? ያማሩት ዐረፍተ ነገሮች አፍህ ውስጥ እንደ ጠጠር ይሆናሉ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ሳሉ ላይ ስደርስ ዘለልኩት።

"ስለ ሳሉም ጽፏል ብለውኛል" አሉኝ። "እሱንም አንብበው።"

ተመልሼ አነበብኩት። ጨረስኩ። ከውጪ የጋሪ ድምፅ፣ የተሸካሚ "ዞር በሉ" የሚል ጥሪ ይሰማል። ጥሩ ጽፈኸዋል አሉኝ። ደንበኛ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ የሚያውቀኝ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ አፌ ይቆረጥና፣ ስምዎን እኮ አልጠቀስኩም ጋሽ ሸምሱ አልኩ።

"ብትጠቅሰው ይሻል ነበር" አሉ። "ስሜን ብትጽፍ ሰው አንብቦ ይተወው ነበር። አንተ እንቆቅልሽ አድርገህ ሰጠሃቸው። እንቆቅልሽ የፈታ ሰው ደግሞ ዝም አይልም።"

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አላህ ይቅር ይበልህ አሉኝ። ይህን አባባል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉዳዩን ወደ በላይ አካል አስተላልፈውታል እንጂ በራሳቸው በኩል አልጨረሱትም። ዘይነብ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሱቁን ሙሉ ቀን እንደምትይዘው ነገሩኝ። ትምህርቷስ አልኩ። ሱቁን መሸጥ እንደሚሻል የመከራቸው ሰው አለ፤ እሱንም እያሰቡበት ነው። ሁሉን የነገሩኝ ያለ ቁጣ ነው፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው።

ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚህ ነገር መውጫው የት ነው አሉኝ።

መውጫ አለው። ከደብዳቤው ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፣ በፈዛዛ ግራጫ፣ ዓይን ያለው ሰውም አጎንብሶ እንጂ የማያየው መውጫ አለው። በራሴ ጣት ተጫንኩላቸው። ማሽኑ እንዲሁ አይለቅም፤ ለምን እንደሚወጡ ምክንያት ይምረጡ ይላል። ምርጫዎቹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔው ነኝ፤ በትርጉሜም ኮርቼ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንደኛ፣ ደብዳቤው በዛብኝ። ሁለተኛ፣ እኔ አልተመዘገብኩም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ እኔን አይመለከተኝም።

ሦስተኛውን ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ እኔ አቅጣጫ፣ ግን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ እያዩ፣ እሱን ተጫን አሉኝ።

ተጫንኩት። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ጉበኑን ዳስሰው ወጡ።

በነጋታው ሜሮን ደወለች። ድምፅዋ ፈክቷል። ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው አለችኝ። እሱም ቢሆን ምክንያቱን ጽፏል፣ ነገሩ አይመለከተውም፤ እንዲህ ያለው ሰው ራሱ ሲወጣልዎ ደስ ይበልዎ፣ ዝርዝርዎ እየጠራ ይሄዳል።